968,184ን መፍታት፦ የትልቅ ቁጥርን ጠባይ በእርሳስና በወረቀት የማወቂያ መንገድ

ይህ ቁጥር የመጣው ከቡና ነው። ጅማ ውስጥ የአንድ መጋዘን ሒሳብ ያዥ በነበርኩበት ዘመን፣ የግዢው ወቅት ሲዘጋ በኪሎ የተደመረው ቡና 968,184 ሆኖ ነበር። እኔ ግን ከደረሰኞቹ ድምር ወደ ማጠቃለያው መዝገብ ሳሸጋግረው 986,184 ብዬ ጻፍኩ። መዝገቡና ደረሰኞቹ አልገጥም አሉኝ። ሦስት ሌሊት ደረሰኝ ሳገላብጥ አነጋሁ፤ ስህተቱን ያገኘሁት ግን በማገላበጥ ሳይሆን ቁጥሮቹን ራሳቸውን በመመርመር ነው። እንዴት እንደሆነ በመጨረሻው ደረጃ ላይ አሳያለሁ፤ እዚያ ለመድረስ የቀደሙትን ደረጃዎች ማወቅ ያስፈልጋል።

ከዚያ ወዲህ ይህ ቁጥር ማስተማሪያዬ ሆነ። ክረምት ሲገባ፣ ትምህርት ተዘግቶ የጅማ ዝናብ ልጆቹን ከሜዳ ሲያስቀራቸው፣ የጎረቤት ልጆች ደብተር ይዘው በረንዳዬ ላይ ይሰበሰባሉ፤ በዚሁ ቁጥር እንጀምራለን። ማባዛትና ማካፈል የሚችል የስድስተኛ ክፍል ተማሪ መመሪያውን እስከ መጨረሻው ሊከተለው ይችላል። የሚያስፈልገው እርሳስ፣ ላጲስና ባለ አራት ማዕዘን መስመር ወረቀት ነው። የሒሳብ መሣሪያ ወይም ስልክ ካለ ለማረጋገጫ ይቀመጥ፤ ሥራውን ግን እጅ ይሥራው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ልጆች ትልቅ ቁጥር ሲያዩ የሚያስፈራቸው ርዝመቱ ነው። ርዝመቱ ግን ስለ ቁጥሩ የሚነግረን በጣም ጥቂት ነው። 968,184 እና 968,185 በመጠን በአንድ ብቻ ይለያያሉ፤ በጠባይ ግን ፈጽሞ አይተዋወቁም። የቁጥርን ጠባይ የሚወስኑት ተባዝተው የሠሩት ትናንሽ ቁጥሮች ናቸው። እነርሱን ካገኘን ሌላው ጥያቄ ሁሉ ከአንድ መስመር ይመለሳል። ስለዚህ ከደረጃ 1 እስከ 6 ያለው ድካም ያንን አንድ መስመር ለማግኘት ነው።

ደረጃ 1፦ ቁጥሩን በሁለት መንገድ ጻፉት

በመጀመሪያ ዛሬ እንደለመድነው ከቀኝ ወደ ግራ ሦስት ሦስት አኃዝ እየቆጠራችሁ በኮማ ለዩት፦ 968,184። ቀጥላችሁ ከሥሩ ያንኑ ቁጥር ከቀኝ ጀምራችሁ በሁለት በሁለት ክፈሉት፦ 96 – 81 – 84።

ሁለተኛው አከፋፈል የግዕዝ አኃዝ አከፋፈል ነው። በግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለም፤ እያንዳንዱ ጥንድ አሥሮችና አንዶች ያሉት ሆኖ ይጻፋል፣ ከኋላው የመቶ ምልክት ፻ ወይም የእልፍ (የ10,000) ምልክት ፼ ይከተለዋል። የእኛ ቁጥር 96 እልፍ፣ 81 መቶ እና 84 ነው፤ ስለዚህ ፺፮፼፹፩፻፹፬ ተብሎ ይጻፋል። አንድ ጥንድ ባዶ ከሆነ ከነመቶው ይዘለላል፤ ለምሳሌ 960,084 በግዕዝ ፺፮፼፹፬ ነው።

ልጆቹ ይህን የማስጽፋቸው ለባህል ብዬ ብቻ ይመስላቸው ነበር። እኔ ግን የግዕዙን ጥንድ የምፈልገው ለሥራ ነው፤ በደረጃ 3 ላይ አንዱ ቁልፍ እርሱ ነው።

ደረጃ 2፦ ጭራውን ተመልከቱ

የመጨረሻው አኃዝ 4 ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ለ2 ይካፈላል፤ ለ5 እና ለ10 አይካፈልም። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች 84 ናቸው፤ 84 ለ4 ስለሚካፈል ቁጥሩም ይካፈላል። የመጨረሻዎቹ ሦስት 184 ናቸው፤ 184 = 8 × 23 ስለሆነ ቁጥሩ ለ8 ይካፈላል። የመጨረሻዎቹ አራት 8,184 ናቸው፤ ይህ ለ16 ሲካፈል 8 ይተርፋል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ቆምን።

ጭራውን ብቻ ማየት ለምን ይበቃል? 1,000 ራሱ 8 × 125 ነው። ከ184 በፊት ያለው ሁሉ ስንት ሺህ ቢሆን ለ8 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ የሚያጠራጥረው ጭራው ብቻ ነው።

ለ5 አለመካፈሉን መጋዘን ውስጥ በዓይን ማየት ይቻላል። ለውጭ ገበያ የሚዘጋጅ ቡና በ60 ኪሎ ጆንያ ይሞላል። 968,184 ኪሎ 16,136 ጆንያ ይሞላና 24 ኪሎ ይተርፋል። 60 በውስጡ 5 ስላለ፣ በ4 የሚያልቅ ቁጥር የቱንም ያህል ቢደረደር ጆንያውን ሳያጎድል ሊሞላው አይችልም።

ደረጃ 3፦ የግዕዙን ጥንዶች ደምሩ

96 + 81 + 84 = 261። ይህም ከሁለት አኃዝ ስለበለጠ እንደገና በጥንድ ክፈሉትና ደምሩ፦ 2 + 61 = 63። ይህ 63፣ ቁጥራችን ለ99 ሲካፈል የሚተርፈው ቀሪ ነው።

ይህን ስናገር የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጅ፣ «ጋሼ፣ ሳናካፍል ቀሪውን ከየት አመጣነው?» አለችኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ሳይመለስ መታለፍ የለበትም። አንድ ሰው መቶ ብር ይዞ 99 ብር ቢከፍል 1 ብር ይተርፈዋል። 81 መቶ ብሮች ቢኖሩትና ከእያንዳንዱ መቶ 99 ቢከፍል 81 ብር ይተርፈዋል። እልፍም እንደዚሁ ነው፤ 10,000 ማለት 9,999 እና 1 ነው፣ 9,999 ደግሞ 99 × 101 ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ እልፍ የሚተርፈው አንድ ብቻ ነው፤ ከ96 እልፍ 96 ይተርፋል። 84ቱ እንዳሉ አሉ። ትርፉን ሁሉ ስንሰበስብ 261፣ ከርሱም ሁለት ጊዜ 99 ሲወጣ 63።

99 = 9 × 11 ስለሆነ በአንድ ድምር ሁለት ጥያቄ ተመለሰ። 63 ለ9 ይካፈላል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ለ9ም ለ3ም ይካፈላል። 63 ለ11 ሲካፈል 8 ይተርፋል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ለ11 አይካፈልም። ይህን 8 ከወረቀቱ ጥግ ጻፉት፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

በትምህርት ቤት የለመድነው የ9 መፈተኛ አኃዞቹን አንድ በአንድ መደመር ነው፦ 9 + 6 + 8 + 1 + 8 + 4 = 36። እርሱም ትክክል ነው። ነገር ግን ስለ 11 ምንም አይናገርም። ጥንዱ ሁለቱንም ይናገራል፤ ለዚህ ነው የምመርጠው።

ደረጃ 4፦ ሦስት ሦስቱን ቀንሱ

አሁን ወደ ኮማው አጻጻፍ ተመለሱ። 968 − 184 = 784።

እዚህ የሚሠራው 1,001 ነው። 7 × 11 × 13 = 1,001 ስለሆነ፣ 1,000 ከ1,001 በአንድ ያንሳል። እያንዳንዱን ሺህ አንድ ብር ዕዳ እንዳለበት ሰው አስቡት። 968 ሺሆች 968 ብር ዕዳ አለባቸው፤ በእጃችን ያለው 184 ነው፤ ከከፈልን በኋላ 784 ዕዳ ይቀራል። ዕዳው ለ7፣ ለ11 ወይም ለ13 ከተካፈለ ቁጥሩም ይካፈላል።

784 = 7 × 112 ነው፤ ስለዚህ 7 ገባ። በ13 ስንሞክር 13 × 60 = 780፣ 4 ተረፈ፤ 13 አይገባም። በ11 ደግሞ 11 × 71 = 781፣ 3 ተረፈ።

አሁን ከወረቀቱ ጥግ ያለውን 8 ተመልከቱ። ደረጃ 3 ቁጥሩ ለ11 ሲካፈል 8 ይተርፋል ብሎን ነበር። ደረጃ 4 ደግሞ ዕዳው ለ11 ሲካፈል 3 ይተርፋል አለን። የ3 ዕዳ ማለት 11 ለመሙላት ሦስት የጎደለው፣ ማለትም 8 ነው። ሁለት የተለያዩ መንገዶች አንድ ቦታ ተገናኙ። ባይገናኙ ኖሮ አንዱ ጋ ተሳስተናል ማለት ነበር። እንዲህ ያለ መገናኛ ነጥብ ባገኛችሁ ቁጥር ሳትዘሉ ፈትሹ፤ ሒሳብ ያዥ ሆኜ ከተማርኩት ሁሉ በላይ የጠቀመኝ ይህ ልማድ ነው።

ደረጃ 5፦ ሦስት ሦስቱን ደምሩ

968 + 184 = 1,152። ይህ የሚሠራው 999 = 27 × 37 ስለሆነ ነው። 1,152 ለ37 ሲካፈል 5 ይተርፋል፣ ለ27 ሲካፈል 18 ይተርፋል። ስለዚህ ቁጥራችን 37 የለበትም፤ 9 እንጂ 27ም የለበትም። ሌላ የሚባል ነገር የለም፤ እንለፍ።

ደረጃ 6፦ መሰላሉን ውረዱ

እስካሁን ያወቅነው ቁጥሩ 8፣ 9 እና 7 እንዳሉበት፣ 5፣ 11 እና 13 እንደሌሉበት ነው። አሁን ከትንሹ ጀምረን እናውርደው፦

968,184 ÷ 2 = 484,092
484,092 ÷ 2 = 242,046
242,046 ÷ 2 = 121,023
121,023 ÷ 3 = 40,341
40,341 ÷ 3 = 13,447
13,447 ÷ 7 = 1,921

1,921 ላይ ስትደርሱ 7ን እንደገና ሞክሩ፤ 7 × 274 = 1,918፣ 3 ይተርፋል። 7 አንድ ጊዜ ብቻ ነበረ ማለት ነው። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ አንድ አካፋይ አንድ ጊዜ ከገባ በኋላ እንደገና መሞከርን ይረሳል።

አሁን ብቸኛ ቁጥሮች ያስፈልጉናል፤ ከ1 እና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸው ማለት ነው። ለማግኘት ከ2 እስከ 50 ያሉትን ጻፉ። 2ን አስቀርታችሁ ብዜቶቹን ሁሉ ሰርዙ፣ 3ን አስቀርታችሁ ብዜቶቹን ሰርዙ፣ 5ን፣ 7ን እንዲሁ። ሳይሰረዙ የሚቀሩት 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13፣ 17፣ 19፣ 23፣ 29፣ 31፣ 37፣ 41፣ 43 እና 47 ናቸው። ይህ ዘዴ የኤራቶስቴንስ ወንፊት ይባላል። ኤራቶስቴንስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበረ፣ የምድርን ዙሪያም በጥላ የለካ ሊቅ ነው። ቡና በወንፊት ሲበጠር ያየ የጅማ ልጅ ስሙን ለማስታወስ አይቸገርም፤ ደቃቁ ይወርዳል፣ ደንዳናው ይቀራል።

የቀረው ጥያቄ እስከ የትኛው ብቸኛ ቁጥር ድረስ እንሞክር የሚለው ነው። 43 × 43 = 1,849፣ 44 × 44 = 1,936 ነው። ስለዚህ ለ1,921 እስከ 43 መሞከር ይበቃል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ አካፋዮች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይመጣሉ። ከ44 የሚበልጥ አካፋይ ካለ ባልንጀራው ከ44 ያንሳል፤ አለዚያ ብዜታቸው ከ1,921 ያልፋል። ትንሹን ባልንጀራ ስንፈልግ ትልቁም አብሮ ይገኛል።

11 እና 13 ከላይ ተጥለዋል። ቀጣዩ 17 ነው፦ 17 × 113 = 1,921። ገባ! 113 ደግሞ 11 × 11 = 121 ስለሚበልጠው ከ2፣ 3፣ 5 እና 7 በላይ መሞከር አያስፈልገውም፤ ከእነዚህም አንዱ አይገባበትም። ብቸኛ ነው። መሰላሉ አለቀ፦

968,184 = 2 × 2 × 2 × 3 × 3 × 7 × 17 × 113

የፈለግነው መስመር ይህ ነው። ቅደም ተከተሉን ካልቆጠርን በቀር ሌላ መስመር ሊኖር አይችልም፤ ማንም ከየትም ቢጀምር እዚሁ ይደርሳል። ጀርመናዊው ካርል ፍሪድሪኽ ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1801 በተሟላ ሁኔታ ያረጋገጠው እውነት ነው። አንድ ልጅ ከ7፣ ሌላው ከ3፣ ሌላው ከ2 ሲጀምሩ ሦስቱም አንድ መስመር ይዘው ሲመጡ ማየት እስካሁን ያስደስተኛል።

ከመጀመሪያው ቁጥሩን ሳናሳንስ ብንሞክር ኖሮ፣ 984 × 984 = 968,256 ቁጥሩን ስለሚበልጠው፣ እስከ 984 ያሉት 166 ብቸኛ ቁጥሮች ይጠብቁን ነበር። ትናንሾቹን ቀድሞ ማውጣት ይህን ሁሉ ድካም አስቀረልን። ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይቀልም። ሁለት እጅግ ትላልቅ ብቸኛ ቁጥሮች ተባዝተው የሠሩትን ቁጥር መፍታት ለኮምፒውተርም ከባድ ነው። ሪቨስት፣ ሻሚር እና ኤድልማን እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጡት የምስጢር አጻጻፍ ዘዴ በዚህ ችግር ላይ የቆመ ነው። ለፈተና ከቀረቡት ቁጥሮች አንዱ፣ 250 አኃዝ ያለው፣ የተፈታው እ.ኤ.አ. በ2020 የካቲት ወር ላይ ነበር፤ እርሱም በብዙ ኮምፒውተሮች ኃይል።

ደረጃ 7፦ መልሳችሁ አባዙ

መስመሩን ሳታረጋግጡ አትለፉ። 8 × 9 = 72፤ 72 × 7 = 504፤ 504 × 17 = 8,568፤ 8,568 × 113 = 968,184።

የማባዣ ሰንጠረዥ ለማያስታውስ ልጅ ሌላ መንገድ አለ። 17 × 113ን እንሥራ። በግራ 17ን እየከፈላችሁ ውረዱ፣ ግማሽ ከተረፈ ጣሉት፦ 17፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1። በቀኝ 113ን እጥፍ እያደረጋችሁ ውረዱ፦ 113፣ 226፣ 452፣ 904፣ 1,808። በግራ ጎዶሎ ቁጥር ካለበት ረድፍ ብቻ የቀኙን ደምሩ፦ 17 እና 1 ጎዶሎ ስለሆኑ 113 + 1,808 = 1,921። በውጭ አገር የሒሳብ መጻሕፍት ውስጥ ይህ «የኢትዮጵያ ማባዛት» ተብሎ ይጠራል፤ በጥንታዊ ግብፃውያን ፓፒረስ ላይም ቅርብ ዘመዱ ይገኛል። የሚፈልገው እጥፍ ማድረግና መክፈል ብቻ ነው፤ በጣት ለሚቆጥር ነጋዴ የተመቸ ነው።

በዚሁ መንገድ 968,184ን ራሱን እስከ 1 ድረስ እየከፈላችሁ ብትወርዱ፣ ለጎዶሎው 1 ለሌላው 0 ብትጽፉና ከታች ወደ ላይ ብታነቡት፣ ኮምፒውተር ቁጥሩን የሚያስቀምጥበትን መልክ ታገኛላችሁ፦ 11101100010111111000። ሃያ አኃዝ ነው። መጨረሻው ላይ ሦስት ዜሮዎች አሉ፤ ቁጥሩ ለ8 ይካፈላል፣ ለ16 አይካፈልም የሚለው የደረጃ 2 ግኝት እዚህ በግልጽ ተጽፏል።

ደረጃ 8፦ አካፋዮቹን ሳትዘረዝሩ ቁጠሩ

አንድን አካፋይ ለመሥራት ከመስመሩ ላይ የምንፈልገውን እንመርጣለን። ከ2ዎቹ ምንም፣ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስቱንም መውሰድ እንችላለን፤ አራት ምርጫ። ከ3ዎቹ ምንም፣ አንድ ወይም ሁለት፤ ሦስት ምርጫ። 7ን መውሰድ ወይም መተው፤ ሁለት። 17 እና 113ም እንዲሁ ሁለት ሁለት። 4 × 3 × 2 × 2 × 2 = 96።

968,184 ዘጠና ስድስት አካፋዮች አሉት። የግዕዙ ጽሑፍም በ፺፮ መጀመሩ ግጥጥሞሽ ብቻ ነው፤ ሆኖም ልጆቹ ይህን ሲያዩ ቁጥሩን አይረሱትም።

ጥቅሙ ምንድን ነው? 968,184 የቡና ችግኝ ቢኖራችሁና እኩል ረድፍ አድርጋችሁ፣ በተቻለ መጠን ለአራት ማዕዘን በቀረበ ቅርጽ ልትተክሉት ብትፈልጉ፣ ከ984 አጠገብ ያለውን ጥንድ ትፈልጋላችሁ። ከመስመሩ 8 × 7 × 17 = 952 እና 9 × 113 = 1,017 ይወጣሉ። 952 ረድፍ፣ በየረድፉ 1,017 ችግኝ፣ አንድም ሳይተርፍ። ከዚህ የሚቀራረብ ሌላ ጥንድ የለውም።

ደረጃ 9፦ የቀሩትን ጥያቄዎች ከመስመሩ አንብቡ

የአካፋዮቹ ድምር፦ (1 + 2 + 4 + 8) × (1 + 3 + 9) × (1 + 7) × (1 + 17) × (1 + 113) = 15 × 13 × 8 × 18 × 114 = 3,201,120። ከዚህ ቁጥሩን ራሱን ስንቀንስ 2,232,936 ይቀራል፤ ከቁጥሩ በእጥፍ ይበልጣል። ድምሩ እንዲህ ከራሱ የሚበልጥበት ቁጥር ትርፍ ይባላል። ድምሩ ከራሱ ጋር እኩል የሚሆንበት ቁጥር ፍጹም ይባላል፤ 6፣ 28፣ 496 እና 8,128 የመጀመሪያዎቹ አራት ናቸው።

ከራሱ ጋር የተባዛ ቁጥር ነውን? አይደለም። እንዲሆን በመስመሩ ላይ እያንዳንዱ ብቸኛ ቁጥር ጥንድ ሆኖ መገኘት ነበረበት። ጥንድ ያጡት አንዱ 2፣ 7፣ 17 እና 113 ናቸው። የተጣመሩት 2 × 2 × 3 × 3 = 36 ይሰጡናል፤ ማለትም 968,184 = 36 × 26,894። የአኃዞቹ ድምርም 36 ነበር።

የሁለት አራት ማዕዘን ወለሎች ንጣፍ ሊሆን ይችላልን? ማለትም የሁለት ዳግም ብዜቶች (ከራሳቸው ጋር የተባዙ ቁጥሮች) ድምር? አይችልም፤ ምክንያቱም 7 ለ4 ሲካፈል 3 የሚተርፈው ብቸኛ ቁጥር ሆኖ አንድ ጊዜ ብቻ ይገኛል። ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ በ17ኛው መቶ ዓመት ያየው ሕግ ነው።

የመጨረሻው ይበልጥ ደስ ይላል። ከ1 እስከ 968,184 ካሉት ቁጥሮች ስንቶቹ ናቸው ከእርሱ ጋር ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸው? እንደገና ወንፊት እንያዝ። ግማሾቹ የ2 ብዜት ስለሆኑ ይውደቁ፤ 484,092 ይቀራሉ። ከእነርሱ ሲሶው የ3 ብዜት ነው፤ 322,728 ይቀራሉ። ከሰባት አንዱ ይውደቅ፤ 276,624። ከአሥራ ሰባት አንዱ፤ 260,352። ከመቶ አሥራ ሦስት አንዱ፤ 258,048። መልሱ ይህ ነው፤ ከሩብ ጥቂት የሚበልጥ። ብቸኛ አካፋዮቹ ትናንሽ በሆኑ ቁጥር ወንፊቱ ብዙ ይጥላል።

ደረጃ 10፦ ስህተትን በዚሁ መንገድ ያዙ

አሁን ወደ መጋዘኑ ልመለስ። መዝገቡ 986,184፣ ደረሰኞቹ 968,184 ይሉ ነበር። ልዩነቱ 18,000። ሦስት ሌሊት ያባከንኩት 18,000 ኪሎ የሚል ደረሰኝ ስፈልግ ነው። እንዲህ ያለ ደረሰኝ አልነበረም።

በአራተኛው ቀን ልዩነቱን ለ9 አካፈልኩት፦ 2,000። ያለ ቀሪ። ሁለት ጎን ለጎን ያሉ አኃዞች ቦታ ሲለዋወጡ የሚፈጠረው ልዩነት ሁልጊዜ የ9 ብዜት ነው። 2,000 ደግሞ የበለጠ ይናገራል፤ «2» የሚለው የተለዋወጡት አኃዞች በሁለት እንደሚበላለጡ፣ ሺው ደግሞ ከሺህ ቤትና ከጎኑ ካለው የአሥር ሺህ ቤት እንደሆኑ ይጠቁማል። ወደዚያ ሳይ 6 እና 8 ተቀያይረው ነበር።

ይህን ስህተት የአኃዞች ድምር አይዘውም፤ የሁለቱም ድምር 36 ነው። የግዕዙ ጥንድ ግን ይይዘዋል። 98 + 61 + 84 = 243፣ 2 + 43 = 45፤ ለ11 ሲካፈል 1 ይተርፋል፣ ትክክለኛው ግን 8 ያስተርፍ ነበር። ጎረቤት አኃዞች ሲለዋወጡ የ11 ቀሪ ሳይለወጥ አይቀርም። ስለዚህ ትልቅ ቁጥር ከአንድ ገጽ ወደ ሌላ ስታሸጋግሩ ከጎኑ የ11 ቀሪውን በእርሳስ ጻፉ፤ በሌላኛው ገጽም አውጡና አመሳክሩ። ግማሽ ደቂቃ አይወስድም።

ከሁለቱ ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ የነገረኝ ግን 17 ነው። የቡና ነጋዴ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፤ መጋዘኑም በሙሉ ፈረሱላ ብቻ ይገዛ ስለነበር ጠቅላላው ኪሎ ለ17 መካፈል ነበረበት። 968,184 ÷ 17 = 56,952 ፈረሱላ፣ ያለ ቀሪ። 986,184 ግን 58,010 ፈረሱላ ሆኖ 14 ኪሎ ይተርፋል። የተሳሳተው መዝገቡ ነበር፤ የጻፍኩትም እኔ ነበርኩ።

ለመለማመጃ ይህንኑ የተሳሳተ ቁጥር ፍቱት። 986,184ን ሦስት ጊዜ ለ2፣ ሁለት ጊዜ ለ3 ስታካፍሉ 13,697 ላይ ትደርሳላችሁ። 117 × 117 = 13,689፣ 118 × 118 = 13,924 ስለሆነ ከ7 እስከ 113 ያሉትን 27 ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር አለባችሁ። 107 ላይ ስትደርሱ ተጠንቀቁ፤ 107 × 128 = 13,696 ስለሆነ አንድ ብቻ ይተርፋል፣ ቸኩሎ የገባ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። አንዳቸውም አይገቡም፤ 13,697 ብቸኛ ነው። ስለዚህ 986,184 = 2 × 2 × 2 × 3 × 3 × 13,697 ይሆናል፣ አካፋዮቹም 4 × 3 × 2 = 24 ብቻ ናቸው። 7 የለበትም፣ 17ም የለበትም።